በድሬዳዋና በሐረር የአርክቴክቶች ማኅበር ለማቋቋምና በሥራ ለማቆየት የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሠራ አርክቴክት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ የግንባታ ፈቃድ ሲመረምር ይውላል፤ የአማካሪ ድርጅቱ ሠራተኛ ለደንበኛው ፕላን ሲያወጣ ያመሻል፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ግንባታ ቦታ ላይ ከፎርማንና ከግንበኛ ጋር ይሟገታል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ የሚገናኙት አንዱ የሠራውን ፕላን ሌላው ተመላሽ ሲያደርግበት ብቻ መሆኑ የተለመደ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ተበታትነው የሚሠሩ ባለሙያዎች የአካባቢ ማኅበር እንዲያቋቁሙና ማኅበሩ ከአንድ ዓመት በኋላም በሥራ ላይ እንዲገኝ ለመርዳት ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከድሬዳዋና ከሐረር ነው፤ ሁለቱ ከተሞች በ55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚራራቁ ሲሆን፣ አንደኛዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተገነባ ግንብ የታጠረውን የድሮ ከተማ፣ ጁገልን የያዘች ናት። ለአንድ የሙያ ማኅበር ከዚህ የበለጠ የሥራ መስክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። ብዙ ማኅበራት የሚጀምሩት በምሥረታ ጉባኤ ነው፤ አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚሠራ ነገር ስላልተዘጋጀ ሁለተኛው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ይበተናል። በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ተገልብጧል፤ ሥራው ይቀድማል፣ ምዝገባው ይከተላል።

አንደኛ፦ መነሻ ቡድኑን ማሰባሰብ

ከአምስት የማያንሱ፣ ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች ይበቃሉ። አምስት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አንድ ማኅበር በአምስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ አባላት እንደሚመሠረት ስለሚደነግግ፣ ከጅምሩ ቁጥሩን ማሟላት በኋላ የፈራሚ ፍለጋን ጣጣ ያስቀራል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ስብጥሩ ሊታሰብበት ይገባል። ከማዘጋጃ ቤት፣ ከአማካሪ ድርጅት፣ ከማስተማር ሥራ፣ ከግንባታ ቦታ፣ እንዲሁም ገና ከተመረቁት ወጣቶች ቢያንስ አንድ አንድ ሰው ሊኖር ይገባል። ሁሉም ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ከሆነ ማኅበሩ የዚያ መሥሪያ ቤት ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ሌሎቹም በሩ የተዘጋ ይመስላቸዋል። የአዲስ አበባው የሕንፃ ኮሌጅ የትምህርት ዘመን ጓደኝነት ሰዎችን ለማግኘት ጥሩ መንገድ ቢሆንም፣ በክልል ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩትን ወደ ጎን ከገፋ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሁለተኛ፦ ከምዝገባ በፊት የመጀመሪያውን ሥራ መሥራት

የመጀመሪያው የጋራ ሥራ አንድን ነባር ቤት ለክቶ መንደፍ ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከአንድ ቅዳሜ በላይ አይወስድም፣ ልምድ ያለውንና የሌለውን እኩል ያሠራል፣ በመጨረሻም በእጅ የሚያዝ ውጤት ይተዋል። በድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በባቡሩ ዘመን ከተሠሩት ቤቶች አንዱን፣ በሐረር ደግሞ ከጁገል ነባር ቤቶች አንዱን መምረጥ ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ ለመለካት ብቻ ቢሆንም ለክልሉ የባህልና ቅርስ ቢሮ በደብዳቤ ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ጥገና ወይም ማሻሻያ ከታሰበማ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አንድ ድንጋይም አይነካም። ከዚህ ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ በላይ፣ የሚያስፈልገው የባለቤቶቹ ፈቃድ ነው። በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል፣ ማለትም ግድር ጋር፣ የቤተሰቡ ክብር የሚታይበት ቦታ ነው። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ለማንም አይደሉም፤ አሚር ነደባ የክብር ቦታ ነው፣ ሌሎቹም እንደየዕድሜውና እንደየደረጃው የተመደቡ ናቸው። ስለዚህ ጫማ ይወልቃል፣ የካሜራ ማቆሚያ ነደባ ላይ አይተከልም፣ የእመቤቲቱ ፈቃድ ሳይጠየቅም የግድግዳው ዕቃና ሙዳይ ፎቶ አይነሣም። ከአንድ ቀን በፊት ሁለት አባላት ሄደው ቤተሰቡን ቢያነጋግሩ፣ ከነሱ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ሥራው በእጅጉ ይቃለላል።

ልኬቱ በሦስት በሦስት ሰው ይደረጋል። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ይይዛል፣ ሁለተኛው ያነባል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። አንባቢው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ቁጥሩን ይደግመዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን 2.37 የተባለው 2.73 ሆኖ መመዝገቡ የሚቀረው በዚህ ብቻ ነው። የግድግዳ ርዝመት ሲለካ ከአንድ ማዕዘን ተነሥቶ በሩ የሚጀምርበት፣ የሚያልቅበት፣ መስኮቱ የሚጀምርበት እያሉ ሜትሩን ሳያነሡ ተከታታይ ንባብ መውሰድ ይሻላል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ለክቶ መደመር ትናንሽ ስሕተቶችን አከማችቶ በመጨረሻ ክፍሉ እንዳይገጥም ያደርጋል። የእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰያፍ ልኮች፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለው ርቀት፣ ደግሞ ሳይወሰዱ ከቤቱ መውጣት የለበትም። የድሮ ቤት ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ መሆኑን ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም፤ አራቱ ግድግዳዎች ብቻ ተለክተው ቢሮ ላይ ሲሳሉ ክፍሉ እንደ ተፈለገ ሊጎብጥ ይችላል፣ ሰያፉ ካለ ግን ቦታውን ይይዛል።

ለከፍታ መነሻ የሚሆን አንድ ዜሮ ይመረጣል፤ ብዙውን ጊዜ የመግቢያው ደፍ ወለል ጥሩ ነው። የነደባዎቹ ከፍታ፣ የበሩ ደፍ፣ የግድግዳ ውስጥ መደርደሪያዎቹ ግርጌ፣ የጣሪያው እንጨት ሁሉ ከዚህ ዜሮ ይለካሉ። የግድግዳው ውፍረት በበሩ መክፈቻ ላይ ይገኛል። ግድግዳው ዘንበል ማለቱ ከተጠረጠረ ቱምቢ ይንጠለጠልና ከላይና ከታች ያለው ርቀት ይመዘገባል። የጣሪያው አግዳሚ እንጨቶች ይቆጠራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ይጻፋል። በመጨረሻም የሰሜን አቅጣጫና ቀኑ በንድፉ ላይ ይሰፍራሉ።

ስዕሉ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በዚያው ሠፈር ሻይ ቤት ተቀምጦ በእርሳስ ቢሞከር ይመከራል፤ የጎደለ ልክ ካለ አምስት ደቂቃ ተመልሶ መለካት ይቻላል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ቤተሰቡን እንደገና ማስቸገር ይሆናል። ፕላኑና ሴክሽኑ (ቤቱ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ እንደሚታይ የሚሳልበት ስዕል) በ1:50፣ ዝርዝሩ በ1:20 ይወጣል። ሲጠናቀቅ አንድ ቅጂ ለቤቱ ባለቤት ይሰጣል። ይህ ለይሉኝታ ተብሎ የሚደረግ አይደለም፤ በፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ንድፍ ለቀጣዩ ቤት ከማንኛውም ደብዳቤ የበለጠ በር ይከፍታል።

በዚህ ዓይነት ሦስት ቤቶች ተለክተው ከተነደፉ በኋላ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን ሰዓት እንደሚያከብር ራሱ ይታያል። ኮሚቴ መምረጥ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፦ ሕጋዊውን ቅርጽ መወሰን

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበርን አነጋግሮ ቅርንጫፍ መሆን ነው፤ በዚህ ጊዜ ሕጋዊ ሰውነቱ የዋናው ማኅበር ስለሆነ የምዝገባው ድካም ይቀንሳል፣ ነገር ግን የባንክ ሒሳብ፣ የማኅተምና የደብዳቤ ጉዳይ አዲስ አበባን የሚጠብቅ ይሆናል። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ማኅበር ማቋቋም ነው። ራሱን የቻለ ማኅበር የሚመርጡ ሰዎች የትኛው ሕግ እንደሚመለከታቸው አስቀድመው ማጣራት አለባቸው። አዋጅ 1113/2011 የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶችን፣ እንዲሁም ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚቋቋሙትን ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ ብቻም ሆነ በድሬዳዋና በሐረር የሚሠራ ማኅበር ወደ ፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያመለክታል፤ ሥራውን በሐረሪ ክልል ውስጥ ብቻ የሚወስን ግን የክልሉን ሕግ ይከተላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱን ከተሞች አንድ አድርጎ መጀመር የተሻለ ነው፤ የባለሙያው ቁጥር በየብቻው ጥቂት ነው፣ መንገዱም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም።

ለማመልከት የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የመሥራቾች መታወቂያ ቅጂ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ ካለም ዓርማው፣ ዓላማው፣ የሚሠራበት አካባቢ፣ አድራሻውና መተዳደሪያ ደንቡ ይቀርባሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሁሉም ስም በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት፤ አንዱ «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» በሚል ልዩነት ፋይል ተመላሽ ሲሆን ማየት አያስገርምም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት አዋጁ ተሻሽሎ እንደሆነ ባለሥልጣኑን ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ መተዳደሪያ ደንቡን ማርቀቅ

ደንብ ከሌላ ማኅበር ገልብጦ ስሙን ብቻ መቀየር የተለመደ ነው፤ ውጤቱም አምስት ሰው ባለበት ማኅበር ውስጥ ሰባት ንዑሳን ኮሚቴ ያለው ደንብ ይሆናል። አጭር ደንብ ይበቃል፤ ሦስት ነገሮች ግን በጥንቃቄ መጻፍ አለባቸው።

የመጀመሪያው የአባልነት ዓይነት ነው። ሙሉ አባል ማን እንደሆነ፣ ተመራቂና ተማሪ በምን መብት እንደሚሳተፉ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያና መሐንዲስ በተባባሪነት ሊገቡ ይችሉ እንደሆነ ይወሰናል። ድምፅ የመስጠት መብትን ለሙሉ አባላት መተው፣ የመናገርና የመሥራት መብትን ግን ለሁሉም መክፈት የሚሻል ይመስላል።

ሁለተኛው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ሁለት ከተማ ላይ የተበተኑ ሰዎችን ከግማሽ በላይ መሰብሰብ ቀላል ስላልሆነ፣ በመጀመሪያው ጥሪ ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላ በሁለተኛው ጥሪ በተገኙት አባላት እንደሚወሰን ደንቡ በግልጽ ይናገር።

ሦስተኛው ሥርዓት ማስከበር ነው። በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሠፈሩ ዕድርና የሐረሪዎቹ አፎቻ ለቅሶና ሠርግ እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ማየት በቂ ነው። ተራ የደረሰው ይሠራል፣ የቀረ ይጠየቃል፣ መቀጮው ትንሽ ቢሆንም አይታለፍም፤ ማንም በማዕረጉ ከተራው አያመልጥም። የሙያ ማኅበር ውስጥ ዶክተሩና የአማካሪ ድርጅቱ ባለቤት ከተራ ነጻ ከሆኑ ወጣቶቹ በሦስተኛው ወር መምጣት ያቆማሉ።

አምስተኛ፦ ገንዘብ

መዋጮ ትንሽና መደበኛ ይሁን። ለምሳሌ 30 አባላት በወር 200 ብር ቢያዋጡ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ለኅትመት፣ ለትራንስፖርትና ለአንድ ዓመታዊ ጉባኤ መነሻ ይሆናል። በወር በወር መሰብሰብ ገንዘብ ያዡን ስለሚያደክም በየሩብ ዓመቱ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢከፈል ይመረጣል፤ ደረሰኝ ግን አይቀርም። ወጪ የሚደረገው በሁለት ሰው ፊርማ ነው።

የሴራሚክ፣ የቀለምና የአሉሚኒየም ነጋዴዎች ስፖንሰር ለመሆን መምጣታቸው አይቀርም፤ ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ነገር ግን ስማቸው በዝግጅቱ ላይ ከመጠቀሱ ያለፈ ነገር፣ በተለይም አባላት ዕቃቸውን በዲዛይን ውስጥ በስም እንዲጠቅሱ የሚያስገድድ ስምምነት፣ ከነጭራሹ አይፈረምም።

ስድስተኛ፦ የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ማውጣት

ቀን መቁጠሪያው የአካባቢውን ኑሮ ካላወቀ አይሠራም። በድሬዳዋ ሙቀት ቀትር ላይ የሕንፃ ጉብኝት ማድረግ ሰው መቅጣት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጫቱ በርጫ ይወዳደራል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ጊዜ የተመረጠ ነው። ዓርብ ለጁምዓ ክፍት ይተዋል። በረመዳን ጉብኝት አይያዝም፤ ከረመዳን በኋላ በሸዋል ስምንተኛው ቀን የሚውለው የሸዋል ዒድ ሲከበር ሐረር ላይ ሌላ ስብሰባ መጥራት ባዶ አዳራሽ መጠበቅ ነው። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ዙሪያ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ መንገዱንም ሆቴሉንም ስለሚሞላ ከሌላ ከተማ እንግዳ አይጋበዝም።

የዓለም የሥነ ሕንፃ ቀን በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የመጀመሪያ ሰኞ ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም መገባደጃ ላይ ማለት ነው። መስቀል አልፎ፣ ዝናቡም ቆሞ ስለሚሆን ለዓመቱ መክፈቻ ይመቻል። በዚያ ሳምንት የዓመቱን የተለኩ ቤቶች ንድፍ በአደባባይ ማሳየት ይቻላል፤ ለምሳሌ በድሬዳዋ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በሐረር ከበሮቹ በአንዱ አጠገብ። አዳራሽ ውስጥ ከተደረገ የሚመጣው ባለሙያ ብቻ ነው፤ መንገድ ዳር ሲሆን ግን የቤቱ ባለቤት ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ ግንበኛውም ቆሞ ይከራከራል።

በቀሩት ወራት በየወሩ አንድ ሥራ ይበቃል፤ አንድ ወር የቤት ልኬት፣ አንድ ወር በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ጉብኝት፣ አንድ ወር አንድ አባል የራሱን ሥራ አቅርቦ የሚወቀስበት መድረክ። በወቀሳው መድረክ ላይ አቅራቢው 20 ደቂቃ ይናገራል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ መልስ የሚሰጠው ሁሉም ከተናገሩ በኋላ ነው። ይህ ደንብ ካልተጠበቀ መድረኩ ወደ ክርክር ይለወጣል።

ሰባተኛ፦ በከተማው ጉዳይ ላይ ድምፅ ማሰማት

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት ዴቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በወንዙ ዳርና በሌሎች የጎርፍ መውረጃዎች ላይ የሚቀርብ ማንኛውም የግንባታ ሐሳብ ስለዚህ ማኅበሩን ይመለከተዋል። አስተያየት የሚሰጠው ግን በስሜት ወይም በቴሌግራም ቡድን ውስጥ በሚደረግ ወቀሳ አይደለም። ሁለት አባላት ቦታውን ሄደው ያያሉ፤ ነዋሪዎች ውሃው እስከየት እንደደረሰ ግድግዳው ላይ ያሳዩዋቸዋል፤ ያ ከፍታ ተለክቶ በአንድ ሴክሽን ላይ ይሰፍራል፤ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ከሴክሽኑ ጋር ለከተማው አስተዳደር ይገባል፣ በሌላኛው ቅጂ ላይም የገቢ ማኅተም ይደረግበታል። ደብዳቤው መቃወም ብቻ ሳይሆን አንድ የሚሠራ አማራጭ ማመልከት አለበት። በማዘጋጃ ቤት የሚሠሩ አባላት በመሥሪያ ቤታቸው ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ እንዲፈርሙ አይጠየቁም፤ ይህ በጽሑፍ ካልተወሰነ እነሱን ማጣት ነው።

ስምንተኛ፦ የማኅተም ኪራይ

በሙያችን ውስጥ በግልጽ የማይነገር፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ችግር አለ፤ ሌላ ሰው በሠራው ፕላን ላይ፣ ሳያዩት፣ በክፍያ ፊርማና ማኅተም ማሳረፍ። ማኅበሩ ፖሊስ አይደለም፤ ፈቃድ የመንጠቅ ሥልጣንም የለውም። ሆኖም ሦስት ሰዎች ያሉበት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊኖረው ይችላል። አቤቱታ በጽሑፍ ይቀርባል፤ የተከሰሰው ሰው በሌለበት አይመረመርም፤ ውሳኔው ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ የመጨረሻው ቅጣትም ከአባልነት መሰረዝ ነው። ስም በአደባባይ አይጠራም። ከቅጣቱ ይልቅ የሚጠቅመው ምናልባት ለወጣቶች አማራጭ መስጠት ነው፤ የሙያ ደረጃው ገና ያልፈቀደለት ተመራቂ ሥራውን በእውነት የሚመረምርለትና ኃላፊነት የሚወስድ አንጋፋ አባል በዝርዝር ማግኘት ከቻለ፣ ማኅተም ፍለጋ የሚዞርበት ምክንያት ይቀንሳል።

ዘጠነኛ፦ ማኅደርና ርክክብ

የማኅበሩ ሀብት የለካቸው ቤቶች ንድፍ ነው። እያንዳንዱ ፋይል በከተማ፣ በሠፈር፣ በተለካበት ዓመትና ወር ይሰየማል፤ በእጅ የተጻፈው የመስክ ወረቀት ስካን ተደርጎ በኮምፒውተር ከተሠራው የአውቶካድ ስዕል ጋር አብሮ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ጥርጣሬ ሲመጣ የሚታመነው እሱ ነው። አንድ ቅጂ በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ቅጂ በቅርስ ቢሮው፣ አንዱ በማኅበሩ እጅ ይሁን። በሊቀ መንበሩ የግል ላፕቶፕ ብቻ የተቀመጠ ማኅደር የማኅበሩ አይደለም። የቤተሰብ ፎቶግራፍና የቤቱ ውስጥ ዝርዝር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም እንደማይተላለፍ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ዘመን ሲያበቃ ርክክቡ በአንድ ቅዳሜ ይደረጋል። ተረካቢዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚከተሉትን ይቆጥራሉ፦ ማኅተም፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተርና የፈራሚዎች ዝርዝር፣ ያልተጠቀሙበት ደረሰኝ ከመነሻና ከመጨረሻ ቁጥሩ ጋር፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የኢሜይልና የቴሌግራም ቡድኑ የይለፍ ቃል፣ የንድፍ ማኅደሩ፣ የሜትርና የሌዘር መለኪያ ዕቃዎች። የጎደለ ካለ በዚያው ወረቀት ላይ «የጎደለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርማሉ፣ አንድ ቅጂም ለኦዲተሩ ይሰጣል።